ቁልፉ መንጌ ነበር

እስከዳር ምድር ቤቱን የተከራየችው ወዳው አልነበረም። ከቡለን ተዛውራ አሶሳ የገባች ሰሞን ደላላው ያሳያት ቤት ሁሉ ወይ ውኃ የለውም፣ ወይ ከመጠጥ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ደህና ቤት ሲገኝ ደግሞ አከራዩ «ባለቤትሽስ?» ብሎ ይጠይቅና መልሷን ሲሰማ ቤቱ ድንገት የተያዘ ይሆናል። ባሏ አበጀ ሞቷል። መተከል በታመሰበት ዘመን ከቡለን ወደ ገነተ ማርያም ብሎ እንደወጣ መንገድ ላይ ቀረ። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ የነገራት የለም። ማን እንደገደለው ስላላወቀች ሰውን ሁሉ ትፈራ ነበር።

ጋሽ እንዳለ የሚባለው የፎቅ ባለቤት ግን ብዙ ሳይጠይቅ አከራያት።

«ከላይ ክፍት ቤት አለ ተብዬ ነበር» አለችው።

«አለ። እሱ ግን ለቤተሰብ ነው።»

«እኔና ልጄ ቤተሰብ ነን።»

«ናችሁ እንጂ! አባወራ ላለበት ማለቴ ነው» አለና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረላት።

ምድር ቤቱ ላይ ሁለት ቤት ብቻ ነበር። አንዱ የእሷ ክፍል ነው፤ ሌላው ከመንገድ በኩል ሰፊ የብረት በር ያለው፣ ለሱቅ የተሠራና ገና ያልተከራየ። የሁለቱም የውስጥ በር የሚከፈተው ወደ አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። የክፍሏ ብቸኛ መስኮት መንገዱን ያያል። ከመሬት ያለው ከፍታ የሰው ወገብ ያህል ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን ሳያዘነብል አልጋዋን ያያል። የጀርባው ግድግዳ ደግሞ የእማማ ብኸይታ ግቢ ውስጥ ነው የቆመው። እማማ ብኸይታ ባሏ የሞተባት የበርታ ሴት ናት። ፍየል ታረባለች፣ ሱለይማን የሚባል ባጃጅ ነጂ ልጅ አላት።

እስከዳር ገና በገባች ሳምንት ለመስኮቱ ብረት ጠየቀች። የነበረው የትንኝ ወንፊት ብቻ ነው። ጋሽ እንዳለ ሳቀ። «አሶሳ እኮ ሰላም ነው፤ ቡለን መሰለሽ እንዴ?» አላት።

መስኮቱን ዘግታ እንዳትኖር ሙቀቱ አያስቀምጥም። በተለይ ከጥር በኋላ ክፍሉ ከቀትር ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግላል። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። ማታ መብራት ስታበራ መጋረጃውን ከአልጋው ብረት ጋር ታስረዋለች፣ ነፋስ እንዳይገልጠው።

የሚያሳስባት ቀኑ ነበር። ልጇ ቢታንያ አንደኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ሱለይማን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በባጃጁ ያደርሳትና ልጅቷ ከዚያ በኋላ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ ብቻዋን ትሆናለች። እስከዳር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ አንዳንድ ቀን ቢሮ፣ አንዳንድ ቀን ገጠር ትውላለች። ቤት የሚውል ሰው ለመቅጠር አቅሟ አይፈቅድም።

እማማ ብኸይታ ይህን አይታ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠራቻት። «ልጁ ብቻውን ምን ያደርጋል? እኔ ጋ ይምጣ። ወላሂ፣ ቤት ሰፊ ነው።» አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ቢታንያንም «ልጁ» ነው የምትላት።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ለምዳለች» አለች እስከዳር። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ልጇን ግን የማታውቀው ሰው ቤት አታውልም።

አንድ ማታ ቢታንያ እራቷን እየበላች «ማሚ፣ የመስኮቱ ሰውዬ ብስኩት ሰጠኝ» አለች።

«የምን ሰውዬ?»

«የመስኮቱ። ስሜን ያውቃል። ያንቺንም ያውቃል። መቼ ነው የምትመጣው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አልኩት።»

እስከዳር የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ልጅቷን ላለማስፈራራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሰውዬው ምን እንደሚመስል ጠየቀቻት። ቢታንያ የምታውቀው ጃኬቱ ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባገኘችው ሰበብ ሁሉ ከቢሮ ቀድማ መውጣት ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ ወደ ቤቷ ስትታጠፍ፣ የትንኙ ወንፊት ከላይ እስከ ታች ተቀዶ፣ አንድ ሰው አንድ እግሩን በመስኮቱ አሻግሮ አየች። መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ማንም ምንም አላለም፤ ቁልፍ የጠፋበት የቤቱ ባለቤት ሳይመስላቸው አልቀረም። እስከዳር ጮኸች። ሰውየው ግን አልሮጠም። እግሩን አወጣ፣ ሰማያዊ ጃኬቱን አራገፈ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ወደ ገበያው አቅጣጫ ሄዶ ሕዝቡ ውስጥ ገባ። እሷ የሮጠችው ወደ ልጇ ነው። ቢታንያ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ላይ ቆማለች።

«አንቺ ልከሽው እንደመጣ ነገረኝ» አለች። «በሩን ክፈቺ ሲለኝ ቁልፉ ጠነከረብኝ።»

ጣቢያ ሄዳ አመለከተች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። «ምን ወሰደ?» አላት።

«ምንም።»

«ልጅቷን ነካት?»

«አልነካትም፤ ደረስኩ።»

«እንግዲህ ካየሽው ጠቁሚን።»

በማግስቱ በያጅ ጠራች። አውራ ጣት የሚያህል ፌሮ አስመጥታ መስኮቱን ከግራ ቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች በፍርግርግ አሳጠረችው፤ ጫፎቹን ግድግዳው ውስጥ በሲሚንቶ አስቀበረች። በያጁ ሲጨርስ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀውና «ይኼን ዝሆንም አይነቅለውም» አላት። ለበሩም ትልቅ ጓጉንቸር ገዛች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱለይማን ልጅቷን ቢሮዋ ድረስ ያመጣላታል፤ እሷ በምሳ ሰዓት ይዛት ቤት ትሄዳለች፣ ታበላታለች፣ ከውጭ ቆልፋባት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አሶሳ ከገባች ወዲህ እንቅልፍ የወሰዳት ያን ጊዜ ነው።

እማማ ብኸይታ ስትቆልፍ አየቻት። «ከውጭ ነው የምትቆልፈው?»

«ሰው ገብቶባት ነበር እኮ እማማ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ልጅ ነው። እኔ ፍየል ስቆልፍ እንኳ አጠገቡ ነኝ።» እጇን ዘረጋች። «እሺ፣ አንድ ቁልፍ ለእኔ ስጠኝ። አልከፍትም። ብቻ ይኑር።»

«አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው» አለች እስከዳር።

ውሸት ነበር። ጓጉንቸሩ ከነትርፍ ቁልፎቹ ነው የተገዛው። ሁሉም በአንድ ቀለበት ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የሱቁ ክፍል ተከራየ። የተከራየው ኤጀታ የሚባል ከቤጊ አካባቢ የመጣ ወጣት ነበር። ቀጭንና ዓይን አፋር፣ ሲያገኛት ሁሌ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ደህና ዋልሽ» የሚላት ልጅ ነው። በሩ ላይ የሞባይል ዕቃ የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ይሁን እንጂ የብረት በሩ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ የሚመጡት ሰዎች ጀሪካን ይዘው ነው የሚመጡት። ኮሪደሩ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረ። ማደያው ፊት የሞተሮችና የባጃጆች ሰልፍ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ በየሰፈሩ በላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን የሚሸጥ መኖሩ ለማንም ምስጢር አልነበረም። በእሷ ግድግዳ በኩል መሆኑ ነው ጉዱ።

ጠየቀችው። ኤጀታ ቀላ። «ለሞተሬ ነው፣ እትዬ» አለ። ሞተር እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ።

ለጋሽ እንዳለ ነገረችው። «ከተማው ሁሉ ጀሪካን ነው» አላት። «ልጁ ኪራዩን አያሳልፍም። ካልተመቸሽ ቤት ሞልቷል።»

ቤት እንዳልሞላ እሷ ታውቃለች። ለደላላው ደግማ ደወለችለት፤ «እያየሁልሽ ነው» አላት። እሷም ጠበቀች።

አንድ ሐሙስ ቀን ነበር። መምህራን ስብሰባ ስላለባቸው ትምህርት የለም። ጠዋት ተነስታ ቢታንያን ቢሮ ይዛት ልትውል ስታሰናዳት ስልክ ተደወለ፤ መንጌ ወረዳ ለፍየል ክትባት ሊሄድ የነበረው ባልደረባዋ ታሟል፣ እሷ ትተካው። የቢሮው ሹፌር ሌንጂሳ ፒክአፑን በር ላይ አቁሞ ጥሩምባ ይነፋል። ልጅ ይዞ መስክ መውጣት ክልክል ነው። ከምሳ በፊት እመለሳለሁ ብላ አሰበች። ዳቦና ሻይ አዘጋጀችላት፣ ጆግ ሙሉ ውኃ አስቀመጠችላት።

«ሰው ቢጠራሽ ለማንም እንዳትመልሺ» አለቻት። «ማንም ቢሆን። እኔ ነኝ እስክልሽ ድረስ። እሺ?»

«እሺ።»

ቆልፋ ስትወጣ እማማ ብኸይታ ፍየሎቿን እየነዳች መንገዱን ስትሻገር ነበር። እስከዳር ልትጠራት አፏን ከፈተች። ሌንጂሳ እንደገና ጥሩምባ ነፋ። መኪናው ውስጥ ገባች።

መንጌ ሥራው እንዳሰበችው አልሆነም። ገበሬዎቹ ፍየሎቻቸውን ከየወንዙ ዳር እስኪሰበስቡ ረፈደ። በረቱ ከጉብታው ሥር ስለሆነ ኔትወርክ አይደርስም፤ ስልኳን መኪናው ውስጥ ትታ ወርዳለች። አንዲት ፍየል በጉልበቶቿ መሀል ይዛ መርፌውን እየወጋች ሳለ ሌንጂሳ ከላይ እየጮኸ፣ እየተንሸራተተ ሲወርድ አየችው።

«ስልክ! አሶሳ ነው፣ ውጪ፣ ውጪ፣ እዚህ አይሰማም!»

ጉብታውን ሮጣ ወጣች።

«ሱለይማን ነኝ» አለ ስልኩ። «የበሩ ቁልፍ የት ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ቁልፉ! ቁልፉ የት ነው ያለው?»

«እኔ ጋ ነው» አለች።

ከሱለይማን ጀርባ ብዙ ሰው ይጮኻል፤ «አሸዋ! አሸዋ አምጡ!» የሚል ድምፅ ሰማች። «እሳት ነው» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግማ ብትሞክርም አልገባ አላት።

ሌንጂሳ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ ፒክአፑን እንዲያ ሲነዳ አይታው አታውቅም። እሷ የቁልፎቹን ቀለበት ከቦርሳዋ አውጥታ በቡጢዋ ጨብጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ማን ይከፍትላታል?» አለች። ሌንጂሳ ይበልጥ ፈጠነ። ከተማው ሊቃረብ ሲል ኔትወርክ መጣ፣ ደወለች። ሱለይማን አነሳ።

«ሆስፒታል ኑ።»

«አለች?»

«ኑ ብቻ።»

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ መጀመሪያ ያየችው እማማ ብኸይታን ነው። ፀጉሯና ልብሷ በብሎኬት ዱቄት ነጥቷል፤ የእጆቿ ጣቶች ተላልጠው ይደማሉ። እስከዳርን ስታይ ተነስታ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት።

«አለ፣ ያ ቢንቲ» አለቻት፤ ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። «አለ። ይተነፍሳል።»

የሆነውን በኋላ ከሰው አፍ ለቃቅማ ነው ያወቀችው። እሳቱ እንዴት እንደተነሳ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ኤጀታ ቤንዚን ሲገለብጥ ነበር፤ ጠፍቶ የነበረው መብራት በዚያ ቅጽበት መጣ የሚሉ አሉ። ነበልባሉ የሱቁን በር አልፎ መንገድ ላይ ፈሰሰ። በውስጥ በኩል ደግሞ የፈሰሰው ቤንዚን በኮሪደሩ ወርዶ በእስከዳር በር ሥር ገባ። የላይኞቹ ተከራዮች በደረጃው ሮጠው አመለጡ። ኤጀታ ልብሱ እየነደደ ወጥቶ ነበር፤ ሰው አፈር በትኖበት አጥፍቶለታል። ከዚያ «ልጅቷ ውስጥ ናት» አለና ተመልሶ ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ተሰምቷል። ድምፁ ሲቆም ሁለት ሰዎች እርጥብ ጆንያ ተከናንበው ጎትተው አወጡት።

ቢታንያ መስኮቱ ላይ መጥታ ነበር። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷታል። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እሳቱ ከሥሯ ስለሆነ ማንም መጠጋት አልቻለም። አንድ ሰው በረጅም ቀርከሃ ገመድ አቀብሎ ብረቱን ሊያስጎትት ሞከረ፤ ገመዱ ነደደ። ልጅቷ አልጮኸችም። ይህን የነገሯት ሁሉ ደጋግመው የሚሉት ነገር ነበር። ስሟን እየጠሩ «ወደ ኋላ ሂጂ! ጥግ ያዢ!» ሲሏት ዝም ብላ ታያቸዋለች። ከዚያ ጭሱ ሸፈናት።

እማማ ብኸይታ ከግቢዋ በኩል ግድግዳውን በዶማ መምታት ጀመረች። ሱለይማንና ጎረቤቶቹ ደረሱላት። ብሎኬቱ ሲሰበር አንድ ልጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ተገኘች። እማማ ብኸይታ ፍርስራሹን በእጇ እየዛቀች «ልጄ! ልጄ!» እያለች ትጣራ ነበር። መልስ የለም። ሱለይማን ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ሲዳብስ አልጋው ሥር እግር አገኘ፤ በእግሯ ጎትቶ አወጣት።

ቢታንያ ዐይኗን ከገለጠች በኋላም ድምጿ ለብዙ ቀን አልወጣም። ሳንባዋ ጭስ ገብቶታል። ሁለቱም መዳፎቿ ብረቱን በያዘችበት መልክ ተቃጥለዋል። ሐኪሙ ጣቶቿ ቀጥ ብለው መዘርጋታቸውን እንደማያረጋግጥላት ለእስከዳር ነገራት። ልጅቷ መናገር ስትችል መጀመሪያ ያለችው «አልመለስኩላቸውም» ነው። «ሲጠሩኝ ለማንም አልመለስኩም።»

እስከዳር መዳፎቿን መንካት ስለማትችል ግንባሯን ሳመቻት። «ጎበዝ» ልትላት ፈለገች፤ ተወችው።

ቀጥላ ቢታንያ ጠየቀች። «ለምን ቆለፍሽብኝ?»

«ሰው እንዳይገባብሽ ብዬ።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፖሊስም ያንኑ ጠየቃት፤ እንደ ልጅቷ ግን አጭር አልነበረም። ለምን ቆለፍሽ፣ ለምን ለጎረቤት አልነገርሽም፣ ቤንዚን እንዳለ እያወቅሽ ለምን አልወጣሽም። ሁሉንም እንደነበረ ተናገረች። ስለ ትርፍ ቁልፎቹም ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። እማማ ብኸይታ በሩ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ጋሽ እንዳለ በበኩሉ ስለ ቤንዚኑ ምንም እንደማያውቅ፣ ብረቱንም ጓጉንቸሩንም ያስገባችው ተከራይዋ እንደሆነች ፈርሞ ቃሉን ሰጠ። ከስድስት ወር በኋላም ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ነው። ግድግዳው ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ምድር ቤቱ እንደገና ተከራይቷል።

ኤጀታ ብዙ አልቆየም። እስከዳር አንድ ጊዜ ወደ ክፍሉ ገብታ ነበር። ስትገባ በልቧ ቁጣ ነበረባት፤ ልትለው ያሰበችውንም መንገድ ላይ አሰናድታለች። ሰውነቱ በሙሉ ተጠቅልሏል፣ ዐይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ለየቻቸው። «ጓጉንቸሩ ጠነከረብኝ፣ እትዬ» አላት። በማግስቱ አረፈ።

እናቱ ሰንበቴ ከቤጊ ስትመጣ ልጇ ተቀብሯል፤ በዚያ ሙቀት ሬሳውን ማቆየት አልተቻለም። ዕቃውን ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ዕቃ ግን አልተረፈም። ሰው ወደ እማማ ብኸይታ ግቢ መራት፤ እስከዳርና ቢታንያ ከሆስፒታል ወጥተው የሚኖሩት እዚያ ነበር። ሰንበቴ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባም አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው።

«ልጄ ልጅሽን አቃጠለ አሉኝ» አለች። «ይቅርታ ልል ነው የመጣሁ።»

እስከዳር ተነስታ ወደ እሷ ሄደች። ቀስ እያለች፣ ሴትዮዋ እንድትረዳት ቃል በቃል እየለየች፣ ኤጀታ አንድ ጊዜ ከእሳቱ ወጥቶ እንደነበር፣ ድኖም እንደነበር፣ ተመልሶ የገባው በሯን ሊሰብር እንደሆነ ነገረቻት። ስለ ጓጉንቸሩ ነገረቻት። ማን እንደቆለፈውም ነገረቻት።

ሰንበቴ ሰምታ ስትጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ዋቃዮ» አለች፣ ፈጣሪዋን እየጠራች። እማማ ብኸይታ ውኃ አምጥታ አጠጣቻት። ሦስቱም ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ።

ቢታንያ ከቤት ወጣች። የታሰሩ እጆቿን ከፊቷ እንደያዘች ግቢውን አቋርጣ መጣችና እናቷን አልፋ እማማ ብኸይታ ጎን ተቀመጠች። እስከዳር አየቻት፤ አልጠራቻትም። ከሰዓት በኋላ ሰንበቴን መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። አውቶቡሱ እስኪሞላ አብራት ቆመች፤ ሲነሳም እጇን አውለበለበችላት።